እናቴን ብዙ ውሃ መጠጣት ለሞት አፋፍ አድርሷት ነበር፤ እባካችሁ አንብቡት

የአዳማዋ ልጅ
ጥር 19፣ 2017

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በሆስፒታል ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አሁን ተኝታለች። ትናንት ማን እንደሆንኩ አላወቀችኝም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን በስሜ ጠርታኛለች።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት ከጀመራት ዘጠኝ ዓመት አልፏል፤ መድኃኒቷን አቋርጣ አታውቅም። ከጨው ተጠንቀቂ ከተባለች ወዲህ ሽሮዋ እንኳን ለብቻው በትንሽ ድስት ያለ ጨው ነው የሚሠራላት። ከገና ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ጎረቤታችን በስልኳ የተላከላትን ቪዲዮ አሳየቻት። ጠዋት በባዶ ሆድ አራት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያም በየሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ ብትጠጪ ኩላሊትሽ ይታጠባል፣ ግፊትሽ ይወርዳል፣ ጉልበትሽንም አያምሽም ይላል። እናቴ የጀመረችውን ነገር በግማሽ የምትተው ሰው አይደለችም። ሁለት ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ጠዋት ሞልታ ከጎኗ ታስቀምጣለች፤ ሲያልቅ ደግማ ትሞላለች፤ ማታ ሦስተኛውን ትጀምራለች። እኔም "ጎበዝ እናቴ" እያልኩ አበረታታት ነበር። ብዙውን ጊዜ የቀዳሁላት ራሴ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ምግብ አስጠላት። "ሆዴ ሙሉ ነው" እያለች ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ትተወዋለች። ቀጥሎ ራሷን አመማት፤ ማቅለሽለሽ መጣ፤ ስትራመድ ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ማታ ነጠላዋን በሥርዓት አጣጥፋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስታስቀምጥ አየኋት። ምን እያደረግሽ ነው ብላት ዝም ብላ አየችኝ። እኛ የአዳማ ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠምቷት ነው ብለን ተጨማሪ ሁለት ብርጭቆ አጠጣናት። ሌሊት አንቀጠቀጣት። ጎረቤቶች ክብሪት አሸተቷት፤ ፊቷ ላይ ውሃ ረጩባት።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ወንድሜ "ደክማለች፣ ግሉኮስ ይሰቀልላት" ብሎ ለመነ። ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ግሉኮሱን ትታ "በቀን ምን ያህል ውሃ ይጠጣሉ?" ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው ግራ ገባን። የደም ናሙናውን ይዘን ውጪ ወዳለ ላቦራቶሪ ሮጥን። ሶዲየሟ፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ያለው የጨው ንጥረ ነገር፣ 113 ነበር።

እስካሁን ልረዳው ያልቻልኩት ነገር አለ። ሁሉም ሰው ጠጡ ጠጡ የሚለው ውሃ እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ወደ ቤት ስንመለስስ ምን ያህል ልስጣት?


ታደሰ ዘደሴ
ጥር 19፣ 2017

እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። እንግዳ ነገር ነው የሆነብኝ። ውሃ አጥቶ ስለሞተ ሰው ስንሰማ ነው ያደግነው። ያንን ቪዲዮ እኔም ለባለቤቴ ልኬላት ነበር፤ አሁኑኑ ደውዬ እነግራታለሁ።


የድንገተኛ ክፍል ሐኪም
ጥር 19፣ 2017

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። በስምሽ መጥራታቸው ትልቅ ምልክት ነው። ተረኛዋ ሐኪም ያንን ጥያቄ መጠየቋ ደግሞ ሕይወታቸውን አትርፏል ብዬ አምናለሁ። እኔ በድንገተኛ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያለፈባቸውን ሕመምተኞች አይቻለሁ።

በደማችን ውስጥ ያለው ሶዲየም በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን አለበት። ከ125 ሲወርድ ነገሩ ከባድ ይሆናል። ሰው ኩላሊቱ ማስወጣት ከሚችለው በላይ ውሃ ሲጠጣ ደሙ ይቀጥናል። ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት ይገባል። ሕዋሳቱ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ ያብጣሉ። እግር ቢያብጥ ቆዳ ይለጠጣል፤ የራስ ቅል ግን አይለጠጥም። አንጎል በዚያ ጠባብ ቦታ ሲያብጥ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መዘባረቅ፣ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል።

ጤናማ ኩላሊት በሰዓት ከ800 ሚሊ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ውሃ ማስወጣት ይችላል። እንግዲያው በቀን አምስት ሊትር የጠጣ ጤነኛ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ቤት ከመመላለስ በቀር ምንም ላይሆን ይችላል። በእናትሽ ላይ ግን ሌላ ነገር ተደርቧል። የግፊት መድኃኒታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ከማኅደራቸው አረጋግጪ። ይህ መድኃኒት ብዙ ሰው የረዳ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ኩላሊት ቀጭን ሽንት እንዳይሠራ ያግደዋል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ ሶዲየም ያወርዳል። በዚያ ላይ ምግባቸው አንሷል። ኩላሊት ውሃን ብቻውን አያስወጣም፤ ጨውና ከፕሮቲን የሚገኘውን ዩሪያ ማስያዝ አለበት። ጨው የሌለው ሽሮ ሁለት ጉርሻ በልቶ እስከ ስድስት ሊትር ለሚጠጣ ሰው ውሃው መውጫ የለውም ማለት ነው። በማቅለሽለሽ ጊዜ ደግሞ አንጎል ራሱ ውሃ የሚይዝ ሆርሞን ያመነጫል። ሕመሙ ሕመሙን እየጎተተ ይሄዳል።

የግሉኮሱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን የደከመ ሰው ሁሉ ግሉኮስ እንዲሰቀልለት ቤተሰብ ይለምናል፤ ሐኪሙ እምቢ ካለ ቂም ይያዝበታል። አምስት ከመቶ የሆነው ግሉኮስ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳሩን ሰውነት ይጠቀምበታል፤ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው። ሶዲየማቸው 113 በሆነበት ሰዓት ያንን መስቀል በቃጠሎ ላይ ጋዝ እንደማፍሰስ ነበር። ወንድምሽ ከፍቅር ነው የለመነው፤ አትውቀሺው።

ሕመምተኛው ሲንቀጠቀጥ ሦስት ከመቶ የሆነ ወፍራም የጨው ፈሳሽ በትንሽ መጠን በፍጥነት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ ነው። ሶዲየሙ በአንድ ቀን ከ8 ወይም ከ10 በላይ እንዲጨምር አይፈለግም። ቀናት ቆይቶ የወረደ ሶዲየም በአንድ ጊዜ ቢወጣ የአንጎልን ነርቮች ሽፋን ይጎዳል፤ ከቀናት በኋላ መናገርና መንቀሳቀስ የሚያቅተው ሰው አለ። ስለዚህ በየአራትና በየስድስት ሰዓቱ ደም ሲወስዱባቸው "እናቴን በመርፌ ጨረሷት" አትበዪ። ለምን አልፈጠነም ብለሽም አትቆጪ።

ምን ያህል ይጠጡ ላልሽው፣ ለጊዜው የሚወስነው የያዛቸው ሐኪም ነው፤ በጣም ትንሽ ሊፈቅድላቸው ይችላል። መድኃኒቱንም የሚቀይረው እሱ ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ግን የግፊት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ እለምናለሁ፤ ሳይታሰብ የተቋረጠ መድኃኒት ያመጣውን የአንጎል ደም መፍሰስ በየሳምንቱ አያለሁ።


የጅቡቲ መስመር
ጥር 20፣ 2017

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ነገር ፈርቻለሁ። 14 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። መንገድ ላይ ላለመቆም ብዬ ውሃ ሳልጠጣ እየዋልኩ የኩላሊት ጠጠር ያዘኝ፤ ሚሌ ላይ መኪናዬን አቁሜ መሬት ላይ የተንከባለልኩበትን ቀን አልረሳውም፤ ሽንቴ ደም ነበር። ሐኪሙ በቀን ሦስት ሊትር ጠጣ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም። አሁን ይህን ያነበበ ሾፌር ውሃ ይገድላል ብሎ ቢተውስ? ለአፋር በረሃ የአዲስ አበባ ምክር አይሆንም።


የድንገተኛ ክፍል ሐኪም
ጥር 20፣ 2017

ወንድሜ፣ ትክክል ነህ፤ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። ጠጠር ላለበት ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እንዲሸና ነው የሚመከረው፤ ለዚህ ደግሞ መጠጣት አለበት፤ በአፋር ሙቀት ከሦስት ሊትርም በላይ ሊያስፈልግህ ይችላል። አንተ ግን ውሃውን ቀኑን ሙሉ አከፋፍለህ ነው የምትጠጣው፤ ምግብህን ከነጨው ትበላለህ፤ ላብህ ይወጣል። ሐኪምህ ያዘዘልህን አትተው። አደጋው በአጭር ጊዜ ብዙ መጠጣት ነው፤ ወይም ኩላሊቱ ማስወጣት በማይችልበት ሁኔታ ላይ ያለ ሰው፣ ልቡ የደከመ፣ ጉበቱ የታመመ፣ እንደ እህታችን እናት ያለ መድኃኒት የሚወስድ፣ ለጤነኛ ሰው የተነገረውን መጠን ሲከተል ነው።

ሰው በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ የሚባለው ነገር ከየት መጣ ተብሎ እንደሚታሰብ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ የምግብና ሥነ ምግብ ቦርድ ለአዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ይበቃል አለ፤ አብዛኛው ግን ከምግብ ውስጥ እንደሚገኝ እዚያው ጽፎ ነበር። ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሁለተኛውን ጣለው። እንጀራችን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ወጡ አለ፣ ሻይ ቡናው አለ።


አሠልጣኝ ከአሰላ
ጥር 20፣ 2017

በእኛ ሙያ ይህ ነገር በሚገባ ይታወቃል። መታወቅ የጀመረው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በደቡብ አፍሪካ ደርባንና ፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚካሄድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሩጫ አለ፤ ኮምሬድስ ይባላል። ፕሮፌሰር ቲም ኖክስ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም በእንዲህ ያሉ ረጃጅም ውድድሮች ላይ ውሃ አብዝተው ስለታመሙ አራት ስፖርተኞች እ.ኤ.አ. በ1985 ጻፉ። ያኔ ዓለም ሁሉ "ሳይጠማችሁ ጠጡ" የሚልበት ጊዜ ስለነበር የሰማቸው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ በዚሁ ምክንያት ሞተች። በዚያው ውድድር ከ488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 ከመቶዎቹ ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኘ። ለአደጋ የተጋለጡት ከአራት ሰዓት በላይ የሮጡትና ሲጨርሱ ከመነሻው ይልቅ ክብደታቸው የጨመረው ናቸው። ልብ በሉ፤ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብደት መጨመር!

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ ላይ በዝናብ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ገብቶ ሲያሸንፍ ከሰውነቱ ክብደት አሥር ከመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። እንደ ኃይሌ ውሃ አትጠጡ ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ሰውነት ለብቻው ነው። ነገር ግን ሰውነት ጥቂት ውሃ ስለቀነሰ ብቻ እንደማይወድቅ ያሳያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ለጉብኝት የመጣ አንድ ሰው ከማሠለጥናቸው ልጆች ጋር ረጅም የሩጫ ልምምድ ወጣ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠርሙስ ይጨርሳል። ሲመለስ የእጅ ሰዓቱ ማሰሪያ ቆዳው ውስጥ ሰምጦ አየሁ፤ ጣቶቹ አብጠዋል። ያቅለሸልሸዋል። አንዱ ልጅ ሮጦ ውሃ ሊያጠጣው ሲል እጁን ያዝኩት። ጨው የበዛበት ሾርባ ሰጠነው፤ እየተቆጣጠርን አስቀመጥነው፤ ሽንቱ መምጣት ሲጀምር እሱም ተሻለው። በሙቀትና በውሃ ማጣት የደከመ ሰውም ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል። መልካቸው አንድ ነው። ለሁለቱም ውሃ የሚሮጠው ሰው አንደኛውን ይገድላል።


ከቨርጂኒያ
ጥር 21፣ 2017

አሠልጣኝ ያሉት እውነት ነው። እኔ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግያለሁ። በ1990ዎቹ ምልምል ወታደሮች በሙቀት ልምምድ ላይ በግዳጅ እየጠጡ ታመው፣ የሞቱም ስላሉ እ.ኤ.አ. በ1998 መመሪያው ተቀየረ። በሰዓት ከ1.4 ሊትር ገደማ፣ በቀን ከ11 ሊትር ገደማ እንዳይበልጥ ተባለ። እኔ ስገባ ውሃ መጠጣት ብቻ ሳይሆን መጠኑንም አስተማሩን።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሽንቱን ሳይሸና ብዙ ውሃ ለጠጣ ሰው የጨዋታ መሣሪያ እሸልማለሁ አለ። የሦስት ልጆች እናት የሆነች የ28 ዓመት ሴት ለልጆቿ ብላ ተወዳደረች፤ በዚያኑ ዕለት ቤቷ ሞታ ተገኘች። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ፕሮግራሙ እየተላለፈ ሳለ ነርስ ነኝ ያለች አድማጭ ስልክ ደውላ አስጠንቅቃ ነበር።


ሲስተር ብርሃን
ጥር 21፣ 2017

ስለ አዋቂዎች ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ሕፃናት ልናገር። በሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው።

አንድ ቀን የሁለት ወር ወንድ ልጅ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፤ ትኩሳት የለውም። እናቱ የቀን ሠራተኛ ናት። ሥራ ስትሄድ ልጁን የምትጠብቀው አያት የጣሳ ወተት ትሰጠዋለች። ወተቱ ውድ ስለሆነ ቶሎ እንዳያልቅ ሦስት ማንኪያ በሚያስፈልገው ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ታደርጋለች። በመካከሉ ለሆዱ ብላ የአብሽ ውሃ ታጠጣዋለች። ልጁ ጡጦውን እየጨረሰ ሲያለቅስ "ጠምቶት ነው" ብላ ደግሞ ውሃ ትጨምርለታለች። ርቦት ነበር። ያችን አያት አልወቅሳትም፤ ችግር ነው ያደረገው። ልጁ ድኗል። አያትየዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆማ ባዶውን ጡጦ በሁለት እጇ ይዛ "ውሃ እኮ ነው፣ ውሃ እኮ ነው" ስትል እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

እስከ ስድስት ወር ድረስ ለሕፃን ከጡት ወተት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ቆላ ላይም ቢሆን። የጡት ወተት ወደ 88 ከመቶው ውሃ ነው። የሕፃን ኩላሊት ገና አልጠነከረም፤ ሆዱም ትንሽ ስለሆነ ውሃው የወተቱን ቦታ ይይዝበታል። የጣሳ ወተት የግድ ከሆነባችሁ ጣሳው ላይ ያለውን የማንኪያና የውሃ ልክ ሳታዛንፉ ተከተሉ።

ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰውም ባዶ ውሃ አይበቃውም። ሕይወት አድን የምንለው ኦአርኤስ ለዚህ ነው የተሠራው፤ ጨውና ስኳር በልኩ አለው። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ነው የሚበጠበጠው። "እንዲበረክት" ብለው በሁለት ሊትር የሚበጠብጡ አሉ፤ ያኔ መድኃኒትነቱ ይጠፋል።


ወልደ ሚካኤል
ጥር 22፣ 2017

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት ተረዱልኝ። በጠበል ቦታ ለሰባት ዓመት አገልግያለሁ፤ በዓይኔ የዳኑ ሰዎች አይቻለሁ። ነገር ግን አንዳንዱ ሕመምተኛ ሌሊት ተነሥቶ በባዶ ሆዱ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይዞ ይቀመጥና እስኪያስመልሰው ይጠጣል። ሲያስመልሰው "ወጣለት" ይባላል። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ እንዲህ ጠጥታ ወድቃ ተንቀጠቀጠች፤ ሰዎች ሌላ ነገር ነው ብለው ጠበል ጨመሩላት። በኋላ በመኪና ተወሰደች። ይህ እናንተ የምትሉት ይሆን?


የድንገተኛ ክፍል ሐኪም
ጥር 22፣ 2017

ሳላያት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጊዜ፣ ብዙ ሊትር፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ካልከኝ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ እሱ ነው። ስለ ጠበሉ የምናገረው የለኝም፤ እኔም አማኝ ነኝ፤ እናቴም ጠበል አምጥታ ታጠጣኛለች። የምናገረው ስለ ልኩ ነው። አንድ ስኒ ጠበል በእምነት የጠጣ ሰው ጀሪካን ከጨረሰው ያነሰ በረከት ያገኛል ብሎ ያስተማረኝ አባት የለም። አንተ እዚያ የምታገለግል ሰው ስለሆንክ ቃልህ ከእኔ ቃል ይልቅ ይሰማል። ጥቂት ጥቂት እየጎነጩ ቀኑን ሙሉ እንዲጠጡ ንገርልኝ። የልብ፣ የኩላሊት፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን ለይተህ ጠይቅ። ጠጥቶ የሚዘባርቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው ካየህ ምንም አታጠጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ስትወስዱትም ስንት ሊትር እንደጠጣ ለሐኪሙ ንገሩ። እሱን ካልነገራችሁ ሐኪሙ በሌላ መንገድ ሲፈልግ ሰዓት ያልፋል።


ወልደ ሚካኤል
ጥር 22፣ 2017

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። እሑድ ከአስተዳዳሪው አባታችን ጋር እነጋገራለሁ።


የአዳማዋ ልጅ
ጥር 28፣ 2017

ቤታችን ገብተናል። ሶዲየሟ በየቀኑ በጥቂቱ እየጨመረ ከ113 ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 126፣ ስትወጣ 134 ደርሷል። ዶክተር እንዳሉት መድኃኒቱ ያው ነበር፤ በሌላ ተቀይሯል። በየአራት ሰዓቱ ደም ሲወስዱባት አልተቆጣሁም። ወንድሜ የግሉኮሱን ነገር እዚህ ካነበበ በኋላ ወደ ተረኛዋ ሐኪም ሄዶ አመስግኗታል።

ጎረቤታችን ትናንት መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እናቴ ምንም አላለቻትም፤ እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ጎረቤታችን አሁን ቪዲዮውን የላኩላትን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወለች ትነግራለች፤ ሲስተር ብርሃን የጻፉትንም ለምራቷ አንብቤላታለሁ፤ ልጇ አራት ወሩ ነው።

ሽሮዋ አሁንም በትንሿ ድስት ነው የሚሠራው፤ ግን ሐኪሙ በፈቀደላት ልክ ቁንጥር ጨው አለበት። ዛሬ ጠዋት ቡና አፍልቼ ከጎኗ ተቀመጥኩና ከልማድ የተነሣ ብርጭቆውን አንሥቼ "ውሃ ልቅዳልሽ?" አልኳት።

"አልጠማኝም" አለችኝ።

የሚቀጥለው የደም ምርመራ ቀጠሮ የካቲት 5 ነው። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።